«ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?»

የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ የተጋደምኩ ሌሊት አንዲት ወጣት ነርስ «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ቢለካ ስንት ይሰጡታል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያን ሰዓት ስሜን ብትጠይቀኝ እንኳ በቅጡ የምመልስ አልነበርኩም። «ስምንት» አልኩ። ለምን ስምንት እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። አስር ብል የማጋንን መስሎ ተሰምቶኝ ይሆናል፤ ወይም «የባሰ አታምጣ» ብዬ ሁለቷን ቁጥር ለክፉ ቀን አስቀምጫት ይሆናል። ነርሷ መዝግባ ሄደች። ከእርሷ በኋላ የመጣው ሐኪም ግን ቁጥሩን አላነሳም። «እንዴት ነው የሚያደርግዎት? ይወጋዎታል? ይቆርጥዎታል? ወይስ ያቃጥልዎታል?» አለኝ። «ይቆርጠኛል። መጥቶ ይጨመድደኛል፣ ለቀቅ ያደርገኛል፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል» አልኩት። ሌላ ብዙም አልጠየቀኝም።

ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ክንዴ ተሰብሯል፣ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቷል፣ የኩላሊት ጠጠር ወርዶልኛል፣ የሐሞት ከረጢቴ ወጥቷል፣ የተረከዝ ጅማቴ ተበጥሶ ተሰፍቷል። ሁለት ልጆችንም በምጥ ወልጃለሁ። ከእኔ የባሰ ያየ ሰው ሞልቷልና ይህን የምጽፈው ለመፎከር አይደለም። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ከሕመሙ እኩል የጎዳኝ፣ የተሰማኝን ለሚያክመኝ ሰው አጥርቼ መናገር አለመቻሌ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው በገላዬ ያየሁትንና ያከሙኝ ሰዎች ያስረዱኝን ነው።

በአስራ አንድ ዓመቴ ከዛፍ ወድቄ የግራ ክንዴ ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። ስብራቱ ራሱ ሰው እንደሚያስበው አልነበረም፤ ካልነኩት ዝም ይላል። ክፉው ነገር የመጣው ጄሶ ከታሰረልኝ በኋላ ነው። በዚያው ምሽት ክንዴ ጄሶው ውስጥ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። የልቤን ምት ጣቶቼ ጫፍ ላይ የምቆጥር ይመስለኝ ነበር። የተሰጠኝን ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። እናቴ «ጄሶ መጀመሪያ ላይ ያማል፤ ቻይው ልጄ» አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። እንደ ዕድል ሆኖ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡ። ምንም ሳይናገሩ ጣቶቼን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ቀና አደረጓቸው። ጩኸቴ ጎረቤት ሰማ። «ይህች ልጅ አሁኑኑ ትመለስ» አሉ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጄሶው በመጋዝ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻም ተቆረጠ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሕመሙ ረገበ።

የክንድና የእግር ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ከጉዳት በኋላ ውስጡ ሲያብጥ፣ ከውጭ ደግሞ ጄሶ ሲያጠብቀው፣ ግፊቱ ደም እንዳይገባ እስከ ማድረግ ይደርሳል። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻና ነርቭ መሞት ይጀምራሉ፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል፣ ጣቶችም ዕድሜ ልክ እንደተጨበጡ ሊቀሩ ይችላሉ። ምልክቱ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻ የማይበርድ፣ ሌላ ሰው ጣቶችን ሲዘረጋ የሚብስ ሕመም ነው። ጣቶቹ እስኪጠቁሩ ወይም እስኪደነዝዙ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው ያልፍበታል። ያኔ «ያመኛል» ብቻ ነበር የምለው። ጄሶ የታሰረለት ልጅ ሁሉ «ያመኛል» ስለሚል ማንም አልደነገጠም። «ይጠዘጥዘኛል፣ ማታ ባሰብኝ፣ መድኃኒቱ አልሠራም» ብል ኖሮ እናቴም ብትሆን ቻይው አትለኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሮናልድ ሜልዛክ ሰዎች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን 78 ቃላት በ20 ምድብ ከፋፍሎ መጠይቅ አዘጋጅቷል። ይህን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሳነበው በአማርኛስ ስንት ይገኛል ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ቁርጠት አለ፣ ውጋት አለ፣ ጥዝጣዜ፣ ፍልጠት፣ ቁርጥማት፣ ቃር አለ። ሲያቃጥል፣ ሲነዝር፣ ሲመዘምዝ፣ ሲወርር የየራሱ ግስ አለው። ቃላቱ እንዲሁ የተደረደሩ እንዳይመስላችሁ። በእኔ ገላ ላይ ቁርጠት የመጣው እንደ ቱቦ ያለ የውስጥ አካል ሲጨመደድ ነው፤ ጥዝጣዜ እብጠት መውጫ ሲያጣ፤ ማቃጠልና መንዘር ደግሞ ነርቭ ሲነካ። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ያመኛል» ብሎ ዝም ማለት ሱቅ ገብቶ «ዕቃ ስጡኝ» እንደ ማለት ነው።

ትርፍ አንጀቴ የፈነዳው በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛው የእኔ ነበር። ምሽት ላይ እምብርቴ አካባቢ ይህ ነው የማይባል ነገር ተሰማኝ። የት ነው ብባል መዳፌን ሆዴ መሐል ላይ ከማስቀመጥ ሌላ በጣት የማመለክተው ቦታ አልነበረም። ምግብ አስጠላኝ፣ ሌሊት አስታወከኝ። ጠዋት ሕመሙ ከእምብርቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዴ ወርዶ ነበር፤ አሁን በአንድ ጣት ላሳይ እችል ነበር። አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ስለነበር ማስታገሻ ውጬ ሄድኩ። የተሳፈርኩበት መኪና መንገድ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ቢላ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ስራመድ ጎንበስ እል ነበር፣ ማሳልም ፈርቼ ነበር። ባልደረቦቼ ምን ሆነሻል ሲሉኝ «ሆዴን ትንሽ» እያልኩ ዋልኩ።

ወደ አመሻሹ ላይ ድንገት ለቀቀኝ። እፎይ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ገላዬን ታጥቤ ተኛሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስነቃ ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ ያንቀጠቅጠኛል፣ ሆዴ በሙሉ እንደ ሳንቃ ደርቋል፣ መተንፈስ ራሱ ያመኛል። ያ እፎይታ የፈነዳበት ሰዓት ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ተወጥሮ የነበረው ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሊል ይችላል፤ ከዚያ መግሉ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲሰራጭ ሌላ ሕመም ይጀምራል። የሕመሙ ቦታ መለወጥም ምክንያት አለው። የአንጀት ነርቮች የተሰማቸውን በጅምላ ወደ ሆድ መሐል ነው የሚናገሩት። ቁስለቱ የሆድን ግድግዳ የውስጥ ሽፋን ሲነካ ግን የግድግዳው ነርቮች ቦታውን ለይተው ያሳያሉ። እርግጥ ሰው ሁሉ እንዲህ በቅደም ተከተል አያመውም፤ በተለይ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ላይ መልኩን ይቀይራል። «እምብርቴ ላይ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወረደ» የሚለውን አረፍተ ነገር ለማንም ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ግን በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶልኝ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ቤቴ በገባሁ ነበር። በምትኩ ሆዴ መሐሉን ተከፍቶ ታጠበ፣ በጎኔ የመግል ማስወጫ ቱቦ ተንጠለጠለልኝ፣ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ለሌላ ሰው ይጠቅማል የምለው ጥቂት ነገር ነው። ሲያስላችሁ ወይም ሲያስነጥሳችሁ ትራስ ስፌቱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እቀፉ። ከአልጋ ስትነሡ በጀርባ ቀጥ ብላችሁ አትነሡ፤ በጎን ተንከባለሉ፣ እግራችሁን ወደ መሬት ጣሉ፣ በክንዳችሁ ተደግፋችሁ ቀና በሉ። ማስታገሻ በተባለበት ሰዓት ውሰዱ፤ ሕመሙ ጣራ ከነካ በኋላ ማውረድ ይከብዳል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በሃያ አራት ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳያውቁት የሚደርቡት ሰዎች አሉ። እንደ ሞርፊን ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ። ይህን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ ስፌቴ ያወራኝ ሁሉ ስለ ሆድ ድርቀቱ ያፈረ ይመስለኛል። ከጅምሩ ማለስለሻ ጠይቁ። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ከተማሪዎቹ ጋር መጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አየር ወጣ?» ብሎ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩና በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ወጣ» ስል ፊቴ ፍም መሰለ። እነርሱ ግን ደስታቸው ሌላ ነበር፤ አንጀቴ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠጠሩ ልመለስ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራ ወገቤን ከጎድን አጥንቴ በታች የያዘኝ ነገር ወደ ብሽሽቴ እየወረደ ከአልጋ አስነሣኝ። ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ወለሉ ላይ ተጥመለመልኩ። የሚመች አቋቋም አጣሁ። ያ ሐኪም በኋላ ከበር ላይ ሆኖ እንደጠረጠረ ነገረኝ። ሆዱ ውስጥ መግል የፈሰሰ ሰው እንቅስቃሴ ስለሚያሳምመው ድርቅ ብሎ ይተኛል፤ ጠጠር የያዘው ሰው ግን አንድ ቦታ መርጋት አይችልም። ሁለቱንም ያየሁ ሰው ስለሆንኩ እመሰክራለሁ፤ በትርፍ አንጀቱ ጊዜ አልጋውን የነካ ሰው ጠላቴ ነበር፣ በጠጠሩ ጊዜ አልጋው ራሱ ጠላቴ ሆነ።

በሲቲ ስካን የታየችው ጠጠር 4 ሚሊ ሜትር ነበረች። ይህቺው ናት ወይ ብዬ ተናደድኩ። ሕመሙ የሚመጣው ጠጠሩ ስለሚቧጭር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ነገር ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ፣ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን መወጠሩና ቱቦው ጠጠሩን ለመግፋት መጨማደዱ ነው። ስለዚህም ነው በማዕበል የሚመጣው። ያረገበልኝም የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት ለኩላሊት ድካም፣ ለጨጓራ ቁስለት ወይም ለነፍሰ ጡር ስለማይሆን እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ።

ከምጡ ጋር ሲወዳደርስ እያሉ የሚጠይቁኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። በምጥ መካከል እውነተኛ እረፍት ነበረኝ፤ ትንፋሼን ሰብስቤ ከአዋላጇ ጋር አወራ ነበር። ደግሞም መጨረሻው ይታወቃል፣ የሚጠበቅ ሰው አለ። ጠጠሩ ለቀቅ ሲያደርግ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ መቼ እንደሚያበቃም አይነግርም። ሆኖም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አስራ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ጠጠሩ ደግሞ ከተወጋሁ በኋላ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጋብ አለ። ስለዚህ ማወዳደሩን ትቼዋለሁ።

እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑት ጠጠሮች አብዛኞቹ በራሳቸው ይወጣሉ። የእኔዋ በአስራ ሁለተኛው ቀን ወጣች። በማጥለያ እየሸናሁ ይዣት ለምርመራ ሰጠሁ፤ ብዙ ሰው እንደሚይዘው የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ነበረች። ከዚያ ወዲህ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል ውኃ እጠጣለሁ፣ ጨውም ቀንሻለሁ። ካልሲየም ነው ሲሉኝ ካልሲየም ያለበትን ምግብ በሙሉ ልተው ነበር፤ ሐኪሙ ከለከለኝ። በምግብ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይዞት ስለሚወጣ መተዉ ያብሳል እንጂ አያሻልም። አንድ ነገር ግን ቤት የሚያስቀምጥ አይደለም፤ ጠጠር ኖሮ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ከተዘጋው ቱቦ ጀርባ ያለው ሽንት ተመርዟል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የሐሞት ከረጢቴ በአርባ አምስት ዓመቴ በመሣሪያ በአራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወጣ። ስለ ራሱ ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ቀላል ነበር። ከሰመመኑ ስነቃ ግን ሆዴን ሳይሆን ቀኝ ትከሻዬን ወጋኝ። ሆዴን ተቀድጄ ትከሻዬን ምን አገባው? ልቤ ነው ብዬ ለአንድ ሰዓት ያህል ላብ አጠመቀኝ፤ «ሞኝ ይሉኛል» ብዬም አልተናገርኩም። በመጨረሻ ሳልነግራት ገምታ የነገረችኝ የማታ ነርስ ናት። ሐኪሞቹ በደንብ እንዲያዩ ሆድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉታል። የቀረው አየር ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ይቆጠቁጠዋል። የዚህ ጡንቻ ነርቭ የሚነሣው ከአንገት፣ የትከሻ ነርቮች ከሚነሡበት ቦታ ስለሆነ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ እንደመጣ ይቆጥረዋል። በመራመድ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ለቀቀኝ። ደረት የሚያፍን ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ከሆነ ግን አየር ነው ብሎ ማለፍ የለም።

የተረከዝ ጅማቴ የተበጠሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ከልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ነው። ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማነው ከኋላ የመታኝ ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ይህ የብዙ ሰው ታሪክ ነው፤ ጅማታቸው የተበጠሰባቸው ሰዎች ስንገናኝ ሁላችንም ወደ ኋላ ዞረናል። ሕመሙ ቶሎ ረገበ። እያነከስኩም ቢሆን እራመድ ነበርና ወለምታ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ። እዚህ ላይ ሕመሙ ትንሽ መሆኑ ራሱ አታለለኝ፤ ከአስር ስንት ብባል ሦስት እል ነበር። መናገር የነበረብኝ ድምፁን፣ ደረጃ ስወጣ እግሬ መሬቱን ገፍቶ ሊያነሣኝ አለመቻሉንና ከተረከዜ በላይ ጣቴ የሚገባበት ጎድጓዳ መኖሩን ነበር። ሐኪሟ በሆዴ አስተኝታ ባቴን ጨመቀችው። ደህናው እግሬ ሲጨመቅ መርገጫው ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ የተጎዳው እንደ እንጨት ቀረ። ምርመራው ያ ነበር፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በወገብ ማደንዘዣ ተሰፋሁ። እግሬ መልካም ነበር፤ የፈጀኝ ጭንቅላቴ ነው። በማግስቱ ቀና ስል ራሴን ይፈልጠኛል፣ ስተኛ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ይህን «ስቀመጥ ይፈልጠኛል፣ ስተኛ ይተወኛል» የሚል አረፍተ ነገር ወዲያው ተናገርኩ፤ ከዚህ በፊት የሠራሁት ስህተት አስተምሮኛል። መርፌው በበሳው ቀዳዳ የአከርካሪ ውስጥ ፈሳሽ ሲፈስ የሚመጣ ራስ ምታት ነው። የወገብ ማደንዘዣን እ.ኤ.አ. በ1898 በሰው ላይ ያስጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ኦገስት ቢር በራሱና በረዳቱ ላይ ሞክሮት ነበር። ረዳቱ ደንዝዞ እንደሆነ ለማረጋገጥ ቅልጥሙን በመዶሻ ሳይቀር መትቶታል፤ በኋላ ሁለቱም በዚሁ ራስ ምታት ተሰቃዩ። ለእኔ ቡና መጠጣትና ተኝቶ መቆየት አልበቃ ሲል ከክንዴ ጥቂት ደም ቀድተው ወገቤ ላይ፣ ቀዳዳው አጠገብ ወጉት። ደሙ ረግቶ ይደፍነዋል። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጋዜጣ አነበብኩ። ዛሬ ማደንዘዣ የሚሰጠኝ ሰው ሲመጣ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የማይስማማኝንና ይህን የራስ ምታት ታሪክ የጻፍኩበትን ወረቀት ነው አስቀድሜ የምሰጠው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ታናሿ ልጄ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ሆዴን አሞኛል። ከአስር ሰባት ይሆናል።»

«ቁጥሩን ተይው። የት ጀመረሽ?»

«በቀኝ በኩል ታች። ደረጃ እየወጣሁ ድንገት ነው የያዘኝ፤ ከዚያ አስታወከኝ።»

«እንዳልሺኝ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ አሁኑኑ ሂጂ» አልኳት። በልቤ ትርፍ አንጀት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ድንገት ያዘኝ ማለቷን የሰማችው ሐኪም አልትራሳውንድ አዘዘች። ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ማምረቻ አካሏ ውኃ በቋጠረ እብጠት ከብዶ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ነበር። ደም ሳይቋረጥበት በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ፈቱት፣ እብጠቱንም አወጡት።

ነግቶ ስደርስ ነቅታለች። ነርሱ ወረቀቱን ይዞ ሕመሟ ከአስር ስንት እንደሆነ ይጠይቃታል። «ሆዴስ ደህና ነው» አለችው፤ «ትከሻዬን ግን ይወጋኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «እሱ አየሩ ነው» አልኳት። «እንድትራመጂ ከፈቀዱልሽ ተነሺ፣ ይዤሽ እንሂድ።»